ከማዕዱ የሚተርፈው

የዕለት ምግብ ለበዓል ያልታሰበ፣ ለእንግዳ ያልተሰናዳ፣ ተበልቶ ሲያበቃ ማንም ስሙን የማያነሣው ምግብ ነው። በአዲስ አበባ አብዛኛው ቤት ይህ ምግብ እንጀራና ሽሮ ነው። ወጡ አንዳንድ ቀን ወደ ምስር፣ ወደ ክክ፣ ወደ ድንችና ጎመን ይለወጣል፤ ኪስ ሲፈቅድ ሥጋ ይገባበታል። ማለዳ ከማታ የተረፈው እንጀራ ፍርፍር ሆኖ ለቁርስ ይቀርባል። ቀትር ላይ በተማሪው ምሳ ዕቃ፣ ማታ በቤተሰቡ ትሪ ላይ ያው ሽሮ ይመለሳል። ታሪክ የቤተ መንግሥቱን ግብር መዝግቧል። በምኒልክ ግቢ አዳራሽ ስንት ሰው በየተራ እንደበላ፣ ጠጁ እንዴት እንደተቀዳ፣ ብርንዶው እንዴት እንደቀረበ ተጽፏል። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ጀምሮ ነዋሪዋን ያኖረው ግን ማንም ያልመዘገበው የማታ ሽሮ ነው።

ይህን ምግብ ከሌላው የእጅ ሥራ ሁሉ የሚለየው አንድ ጠባይ አለ። ግንበኛ የሠራው ግድግዳ ከግንበኛው በኋላ ይቆማል፤ ሸማኔ የሠራው ጋቢ ዓመታት ይለበሳል። ምግብ ግን የተሠራበትን ዓላማ የሚፈጽመው በማለቁ ነው። ወጥ ሠሪዋ ደስ የሚላት ድስቱ ተጠርጎ ሲመለስ ነው፤ ሳይነካ የተመለሰ ወጥ ያሳዝናታል። በማግስቱም ከዜሮ የጀመረች እስኪመስል ድረስ እንደገና ሽንኩርት ትከትፋለች። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ በየቀኑ ተሠርቶ በየቀኑ ከሚያልቅ ሥራ ምን ይተርፋል? ነገሩ በቅርብ ሲታይ የሚተርፈው ሦስት ነው። በቡሃቃው ውስጥ እርሾ ይቀራል፤ በእጅ ላይ ሙያ ይቀራል፤ በሰውና በሰው መካከል ባልንጀርነት ይቀራል።

የመጀመሪያው ትራፊ በዓይን ይታያል። የጤፍ ዱቄት በውሃ ተቦክቶ ሲያድር ሊጡ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ቢጫ ውሃም ከላይ ይጠልላል። ከዚህ ላይ ጥቂት ተቀንሶ ለሚቀጥለው ቡኮ ይቀመጣል፤ እርሾ የሚባለው ይህ ነው። በውስጡ በዓይን የማይታዩ ሁለት ዓይነት ሕያዋን አሉ። አንዱ ወገን ሊጡን የሚያኮመጥጠውን አሲድ የሚሠራ ባክቴሪያ ነው፤ ሌላው አየር እያወጣ ሊጡን የሚያነሣ ጥቃቅን ፈንገስ ነው። ሥራቸውን ለመጨረስ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈልጋሉ። ከዚያ ከሊጡ ጥቂቱ በውሃ ቀጥኖ እሳት ላይ ይበስላል፣ አብሲት ይሆናል፣ በርዶ ወደ ሊጡ ይመለሳል። አብሲት የገባበት ሊጥ ኩፍ ሲል ለመጋገር ደረሰ ይባላል።

በምጣዱ ላይ የሚሆነውም እንዲሁ ምክንያት አለው። ጤፍ እንደ ስንዴ አየሩን አፍኖ የሚይዝ ተለጣጭ ነገር የለውም። ስለዚህ ሊጡ ከዳር ወደ መሐል እየዞረ ምጣዱን ሲሸፍን አየሩና እንፋሎቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ገጹን እየበሳም ዓይን ያወጣል። ዓይኑ ሲያልቅ አክምባሎው ይደፋል፤ የእንጀራው ጠርዝ ከምጣዱ ሲለቅ በሰፌድ ይወጣል። እንጀራ አይገለበጥም፤ የሚበስለው በአንድ ወገኑ ብቻ ነው። ወጡን የሚይዘው፣ ለጉርሻም የሚመቸው በዚያ ዓይናም ገጹ ነው። የመቡካቱ ጥቅም ከጣዕም ያልፋል፤ በእህሉ ውስጥ ብረትን አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ስለሚያፈርስ ሰውነት ብረቱን በተሻለ ሁኔታ እንዲያገኝ ይረዳል።

ከዚህ አሠራር የሚገኘው ትምህርት እንጀራ ለብቻው የቆመ የአንድ ቀን ምግብ አለመሆኑ ነው። የዛሬው ሊጥ የተነሣው በባለፈው እርሾ ነው፤ የባለፈውም ከዚያ በፊት በነበረው። እርሾ ያለቀባት ሴት ከጎረቤት ትዋሳለች፤ አዲስ ጎጆ የወጣች ልጅ ከእናቷ ቡሃቃ ትወስዳለች። በዚህ መንገድ አንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም የሁለት ትውልድ ቤት፣ በአንድ እርሾ ይያያዛል። ከዜሮ የሚጀምር የመሰለው ሥራ በእውነቱ ፈጽሞ ተቋርጦ አያውቅም።

ወጡም የራሱ ረጅም ጊዜ አለው። ሽሮ ተንተክትኮ ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፤ ይህ አጭር ሰዓት ግን አስቀድሞ በተከፈለ ድካም የተገዛ ነው። ሽምብራው ወይም አተሩ ተለቅሟል፣ ታምሷል፣ ተከክቷል፣ ከቅመሙ ጋር ተመጥኖ ወፍጮ ቤት ደርሶ መጥቷል። በርበሬው ደግሞ ከመከር በኋላ በዛላው ተገዝቶ ተቀንጥሷል፤ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ተደልዟል፤ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ተጨምሮበት ተፈጭቷል። የበርበሬ ሰሞን ሰፈሩ በሙሉ ያስነጥሳል። ጎረቤታሞች ተሰብስበው ይቀነጥሳሉ፤ በዚያው ቡና ይፈላል፣ ጨዋታ ይደራል፣ የከረመ ቅያሜም ይነሣና ይፈታል።

የቦታው ጠባይም በዚህ ብልሃት ውስጥ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ነው፤ በባሕር ዳርቻ ግን 100 ዲግሪ ይደርሳል። ያልተፈጨ ጥራጥሬ በደጋ ለመብሰል ብዙ ሰዓትና ብዙ ማገዶ የሚፈጀው ስለዚህ ነው። ጥራጥሬውን አስቀድሞ ማመስና መፍጨት ለዚህ ችግር የተገኘ መፍትሔ ሆኖ ይታያል። ማገዶ በቸገራት ከተማ፣ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው በሚወርዱ ሴቶች ጀርባ በኖረች ከተማ፣ ሽሮ የሁሉም ቤት ወጥ መሆኑ አያስገርምም።

ሁለተኛው ትራፊ ሙያ ነው። አማርኛ በዚህ ቃል ትልቅ ነገር ይናገራል። ሙያ ማንኛውም የተማሩት ጥበብ ነው፤ ሐኪምም አናጢም ባለሙያ ናቸው። ነገር ግን ስለ አንዲት ሴት «ባለሙያ ናት» ተብሎ ሌላ ካልተጨመረ፣ ሰሚው ወጥ አሳምራ እንደምትሠራ ይረዳል። የጥበብ ሁሉ አውራ ስም ለማድቤት መሰጠቱ ምግብ መሥራት ዕውቀት መሆኑን ቋንቋው ከጥንት እንዳወቀ ያሳያል።

ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ ከሚገኘው የተለየ ነው። መለኪያው እፍኝ፣ ቁንጥር፣ ጭልፋ ነው፤ እፍኙም የባለቤቷ እፍኝ ነው። ቁሌት ሲጀመር ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በራሱ ውሃ እየተማሰለ ይቁላላል። ዘይቱ መቼ እንደሚገባ፣ በርበሬው መቼ ጥሬነቱን እንደሚለቅ የሚያሳውቁት ቀለምና ሽታ፣ የድስቱም ድምፅ ናቸው። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ካልተሟሸ እንጀራውን ይይዛል፤ የሟሸውም ቢሆን መጀመሪያ የተጋገረውን እንጀራ ማበላሸቱ የተለመደ ነው። ይህን ሁሉ ልጅ የምትማረው አጠገብ ቆማ በማየት፣ ጭስ ዓይኗን እየቆጠቆጣት፣ ወጥ አሳርራ ቁጣ በመቅመስ ነው። «እጇ ይጣፍጣል» የሚለው ምስጋና ጣዕሙን ለእጅ የሚሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለት ሴቶች ከአንድ ሱቅ በተገዛ ሽሮ ሁለት ዓይነት ወጥ ይሠራሉ። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረትም የሚያርፈው በዚሁ ላይ ነው፤ ለውጡ ያለው በሠሪው ዘንድ ነውና።

ስለ ሙያ ክብር ሲነገር ስለ ክፍያውም መነገር አለበት። የቤት ምግብ ደሞዝ የለውም፤ ዕረፍትም የለውም። ወፍጮ ቤት ከመስፋፋቱ በፊት ሴቶች በድንጋይ ወፍጮ ላይ ተደፍተው መጅ ሲገፉ ያድሩ ነበር። ሞተር ያን ቀንበር አወረደው፤ የጭሱና የዕለት ተዕለቱ ድካም ግን በአብዛኛው በሴቶች ላይ እንዳለ ቀረ። በብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች ዛሬ ምድጃ አጠገብ የምትቆመው ከገጠር የመጣች ወጣት ሠራተኛ ናት። የከተማውን ሽሮ ትማራለች፣ የአገሯንም ጣዕም ትተውበታለች። ቀን ሲወጣላት ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ጂዳ ሄዳ የሌላ አገር ቤተሰብ ሩዝ ትቀቅላለች። የብዙ ሰው የልጅነት ጣዕም በእንዲህ ያለች፣ ስሟ በተረሳ ልጅ እጅ የተሠራ ነው። ሙያን ማክበር የሚጀምረው ባለሙያዋን በማክበር፣ ሥራውንም ከወንድ ልጅ ጋር በመካፈል ነው። ወንደላጤ ሆኖ በከሰል ላይ ሽሮውን ያንተከተከ ወንድ ሥራው ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል፤ ያን ዕውቀት ትዳር ሲይዝ ከደጅ ጥሎት መግባት የለበትም።

እርሾና ሙያ የትናንት ትራፊዎች ናቸው ሲባል የአገር ምግብ ሳይለወጥ የኖረ ነው ማለት አይደለም። ጤፍና እንሰት፣ ኑግና ኮረሪማ የዚሁ ምድር ልጆች ናቸው። በርበሬ ግን ከአሜሪካ ምድር የመጣ ተክል ነው፤ ወደ ሌላው ዓለም የተሻገረው ከ1492 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው። ዛሬ ያለ በርበሬ ቀይ ወጥን የሚያስብ የለም፤ እንግዳው ራሱ የቤቱ ባለቤት ሆኗል። ድንችንም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ እንደሆነ ይነገራል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የዘለቀው የጣሊያን ወረራ ሲያልፍ ፉርኖ፣ ፓስታ፣ ስጎና ፈርኔሎ የሚሉ ቃላት ከነዕቃቸው ቀሩ። የአዲስ አበባ ሰው ፓስታውን በእንጀራ ጠቅልሎ በላው፤ ስጎውንም በበርበሬና በነጭ ሽንኩርት አስተካከለው። ወራሪ ያመጣው ምግብ የወራሪ ሆኖ አልቀረም።

ከተማዋ ከውስጥም እንዲሁ ተቀብላለች። ክትፎና ቆጮ ከጉራጌ፣ ጨጨብሳ ከኦሮሞ፣ ጥሕሎ ከትግራይ መጥተው በአንድ ሰፈር ጎረቤት ሆኑ። የጎጃሟ ሴት ከጉራጌዋ ጎረቤቷ አይብና ጎመን አሠራር ትማራለች፤ የወለጋዋም በመርካቶ ያገኘችውን ቅመም ወደ ገንፎዋ ቅቤ ትጨምራለች። ስለዚህ ምግብን የአንድ ቦታ የሚያሰኘው ዘሩ ከየት መምጣቱ ሳይሆን ስንት እጅ ያለፈበት መሆኑ ነው። እርሾ አዲስ ዱቄት ሲገባበት ዱቄቱን ወደ ራሱ ጠባይ እንደሚለውጠው፣ የለመደ እጅም የመጣለትን ሁሉ ወደ ቤቱ ጣዕም ይለውጣል።

የቀን መቁጠሪያውም በዚህ ጣዕም ላይ ሠርቷል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ከትንሣኤ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በቀር ረቡዕንና ዓርብን ይጾማል፤ ሑዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ቅቤ፣ ወተትና ሥጋ ሲከለከሉ ማድቤቱ አልደኸየም። የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ አዚፋ፣ ስናፍጭ የገባበት ስልጆ የተፈለሰፉት በዚያ ገደብ ውስጥ ነው። በአንድ ትሪ ላይ ብዙ ቀለም የሚደረደርበት በያይነቱ የጾም ልጅ ነው። ገደብ እጅን ሲያስር ብልሃትን እንደሚፈታ ከዚህ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

ሌላም ነገር አለ። ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ በሠርግና በለቅሶ ቤትም ለሁለቱ ለየብቻ ይሰናዳል። የዘይት ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ግን ይህን ድንበር አያውቁም። ጎረቤታሞች ያለ ጥያቄ ከአንድ ትሪ የሚቆርሱት በእነዚህ ነው። የድሃ ወጥ የሚባለው ሽሮ በከተማዋ ከሥጋ ይልቅ ብዙ ሰው በአንድ ማዕድ ያስቀምጣል።

ይህ ወደ ሦስተኛው ትራፊ ያደርሳል። ባልንጀራ የሚለው ቃል ሲፈታ ባለ እንጀራ ነው፤ ወዳጅ ማለት እንጀራ የተካፈሉት ሰው ነው። ሥራ ፍለጋ የወጣ ሰው እንጀራ ፍለጋ ወጣ ይባላል፤ ያልወለደች እናት የእንጀራ እናት ትባላለች፤ ደመኞች ሲታረቁ አብረው ይቆርሳሉ። ቋንቋው ዝምድናን፣ ኑሮንና ዕርቅን በአንድ ሰፌድ ላይ አስቀምጧቸዋል።

ልማዱም ቃሉን ይከተላል። ሰው ሲበላ የደረሰ ሁሉ «እንብላ» ይባላል። ጥሪው ለዘመድም ለመንገደኛም አንድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የተጠራው «ብሉ፣ ይባረክ» ብሎ ያልፋል። ባይበላም ጥሪው ከንቱ አይደለም፤ የሚበላው ሰው የያዘውን እንጀራ የራሱ ብቻ አድርጎ እንዳልቆጠረው የሚመሰክርበት ነው። ጉርሻ ደግሞ ከዚህ ያልፋል። የጎራሹን አፍ የሚያውቀው የአጉራሹ እጅ ነው፤ መጠኑንም ወጡንም የሚመርጥለት ሌላ ሰው ነው። እምቢ ሲል «በሞቴ» ይባላል። ሕይወት በሚቆይበት በማዕድ ዙሪያ ሞት የሚጠራው የመስጠቱን ጽናት ለማሳየት ነው። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባላልና ሁለተኛው ይከተላል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ተረትም ከዚሁ ወገን ነው። ለቅሶ በገባበት ቤት እሳት ሳይነድ ጎረቤት እንጀራና ወጥ ተሸክሞ ይመጣል፤ ዕድሩ ድስቱንና ሳህኑን ያወጣል። ያን ቀን ምግብ ማቅረብ ከማጽናናት ጋር አንድ ነገር ይሆናል።

የዛሬው ከተማ እነዚህን ሦስት ትራፊዎች ይፈትናል። በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ በርበሬ የሚሰጣበት ሰፊ ግቢ የለም፤ የጋራ መገልገያ ሕንፃው ለብዙ ቤተሰብ አንድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ጭሱን አስቀርቶ ዓይንንና ሳንባን አሳርፏል፤ መብራት ሲጠፋ ግን የደረሰ ሊጥ ኮምጥጦ ይበላሻል። ከሥራ ወደ ቤት መመለሻው መንገድ ረዝሟል። ስለዚህ ብዙ ቤት እንጀራውን ከሱቅ ወይም ከሰፈር ጋጋሪ ይገዛል፤ የተዘጋጀ ሽሮና በርበሬም በፌስታል ይገዛል። ይህን እንደ ውድቀት ማየት ፍርደ ገምድልነት ነው። ሸክሙ የቀለላት እናት ከልጇ ጋር የምትቀመጥበት ጊዜ አግኝታለች፤ ጋጋሪዋም በሙያዋ ልጆች ታሳድጋለች፤ ያልተከፈለበት ሥራ ክፍያ አግኝቷል። የሚጎድለው ግን መታወቅ አለበት። እንጀራ የሚገዛ ቤት እርሾ የለውም፤ እርሾ የሌለው ቤት ከጎረቤት የሚዋሰውና የሚያበድረው አንድ ነገር ቀንሷል። ገዢውም እህሉ ንጹሕ ስለመሆኑ በማያያት ሴት እጅ ላይ መታመን አለበት። ስለዚህ ከጋጋሪዋ ጋር መተዋወቅ፣ ስሟን ማወቅ፣ ዋጋዋን ሳይከራከሩ መክፈል ቀድሞ በቡሃቃ የነበረውን ዝምድና በሌላ መንገድ ያቆየዋል።

ይህ መቆየት እንደሚቻል በሩቅ የተፈተነ ነው። ወደ ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሄዱት የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ጤፍ እንደ ልባቸው አያገኙም ነበር። ራሱን በራሱ የሚያነሣ የስንዴ ዱቄት፣ ገብስና የመሳሰለውን እያቀላቀሉ በመጥበሻ ላይ ጋገሩ። ዓይኑ አነሰ፤ ጣዕሙም ራቀ፤ ቢሆንም እንጀራ ብለው ጠሩት፣ ዙሪያውንም ተሰብስበው በሉት። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአይዳሆ ግዛት የሚመረት ጤፍ ሲገኝ ሙያው ቀድሞ እዚያ ስለነበር እህሉን አወቀው። ከአገር ሲወጡ ከሦስቱ ትራፊዎች እርሾው ቀርቶ ነበር። ሙያውና ባልንጀርነቱ ግን አብረው ስለተሻገሩ አዲስ እርሾ አስነሡ።

ከዚህ ቅደም ተከተሉ ይታያል። እርሾ ቢሞት ሙያ ያለው ሰው ዱቄትና ውሃ አገናኝቶ በጥቂት ቀን ያስነሣዋል። ሙያ ቢጠፋ ደግሞ በአንድ ማዕድ የሚቀመጡ ሰዎች እየተጠያየቁ፣ እያሳረሩም ቢሆን ይማሩታል። አብሮ የመብላት ፍላጎት ከጠፋ ግን ለማን ተብሎ ይቦካል? ለአንድ ሰው ሆድ የተዘጋጀ ምግብ ከየትም ሊገዛ ይችላል። ሊጡ ሁለትና ሦስት ቀን የሚጠበቀው፣ ሽንኩርቱ ሳያር የሚማሰለው፣ በርበሬው በመከር የሚታሰበው ማታ በትሪው ዙሪያ የሚቀመጥ ሌላ ሰው ስላለ ነው። ያ ሰው እስካለ ድረስ ትሪው ተጠርጎ፣ ድስቱ ታጥቦ፣ ማዕዱ ከተነሣ በኋላ ቡሃቃው ሙሉ በሙሉ አይታጠብም፤ ጥቂት ሊጥ ለሚቀጥለው ቡኮ ከሥሩ ይተዋል።